ባነሩ ላይ የተጻፈው 3.5

ኮሌጁ ከአለምገና አልፎ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ጫት ቤቶች ተደርድረዋል። የተማሪዎች ዲኑ ይህ አሳስቦት ጥናት አስጠና። መረጃውን የተነተንኩት እኔ ነኝ።

ጥያቄው፣ ጫት የሚቅሙ ተማሪዎች መጠጥም ይጠጣሉ ወይ የሚል ነበር። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ስለሆነ፣ ለእንዲህ ያለ መልስ የሚሆነውን ስሌት፣ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሠራሁ። ሁለቱን ቡድኖች የሚያነጻጽረው ቁጥር፣ ኦድስ ሬሾው፣ 3.5 ወጣ። ዕድሜና ጾታ ሲገቡበትም ብዙ አልተነቃነቀም። (ቁጥሮቹን ለማስረዳት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።) እንደለመድነው «የሚቅሙ ተማሪዎች የመጠጣት ዕድላቸው ከማይቅሙት 3.5 እጥፍ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ዲኑ ወዲያው ባነር አሠራበት።

ውጤቱን ለተማሪዎች ሳቀርብ አንዲት የአካውንቲንግ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሠንጠረዡ ላይ ከ100 ቃሚ 60ው ይጠጣል። ከማይቅመው ደግሞ 30ው። ይሄ እኮ እጥፍ ብቻ ነው። 3.5 ከየት መጣ?»

«ኦድስ ነው» አልኳት። «የሚጠጡት ለማይጠጡት ሲካፈል ማለት ነው። ከቃሚዎቹ 60 ለ40፣ 1.5 ነው። ከማይቅሙት 30 ለ70 ደግሞ 0.43። ሁለቱ ሲካፈሉ 3.5 ይመጣል።»

«እሺ። ግን ባነሩ ኦድስ አይልም። የመጠጣት ዕድል ነው የሚለው።»

ፊቴ ጋለ። ልክ ነበረች። ድርጊቱ ብርቅ ሲሆን ኦድስ ሬሾና እጥፍ ይቀራረባሉ። መጠጥ ግን እዚያ አካባቢ ብርቅ አይደለም። ከጫት በኋላ ምርቃናን ለመስበር መጠጣት፣ ጨብሲ የሚባል ነገር አለ። እንዲህ ሲሆን ኦድስ ሬሾው ልዩነቱን አግዝፎ ያሳያል። ይህን ክፍል ገብቼ አስተምረዋለሁ። ሪፖርቴ ላይ ግን አላየሁትም።

ማታውኑ ለዲኑ ደወልኩለት። ባነሩ ይስተካከል አልኩት።

«ቁጥሩ ቢበዛ ምን ይጎዳል? ይፍሩ እንጂ!» አለኝ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እነዚህ ልጆች ከሚቅም ጓደኛቸው ጋር አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት። አንዴ የተጋነነ ቁጥር ከያዙብን፣ ነገ ስለ ኤችአይቪ ስንነግራቸው ማን ይሰማናል? ደግሞ እጥፍ ራሱ መቼ አነሰ?

ሪፖርቱን አስተካክዬ፣ ሁለቱን መቶኛዎች ከፊት አስቀምጬ መለስኩ። ለልጅቷም አንድ ኮፒ ሰጠኋት። እዚያው ቆማ ሠንጠረዡን በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች አነበበችው። ባነሩ ግን ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈትም በሩ ላይ ነበር።