123,456,789 ላይ ያባከንኩት ማታ

አዲስ ኪቦርድ ስሞክር ሁሌ የምጽፈው ቁጥር አለኝ፤ 123,456,789። ትናንት ማታ ዝም ብዬ አየሁትና ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ። መልሱ ቶሎ መጣ። አሃዞቹ ሲደመሩ 45 ናቸው፤ 45 ለ9 ይካፈላል፤ ስለዚህ ቁጥሩም ይካፈላል። 13,717,421 ይደርሰናል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። በ7 ሞከርኩ፣ እምቢ። በ11፣ በ13፣ በ17 እምቢ። ወረቀቱ ሞላ። በመጨረሻ ተሸንፌ ኮምፒውተሩን ጠየቅኩት (ይህን ማመን ያሳፍራል)። 3607 ሲባዛ በ3803 ነው አለኝ። ሁለቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። በእጄ ብቀጥል ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርኩ።

እንግዲህ ቁጥሩ 3 × 3 × 3607 × 3803 ነው፤ አካፋዮቹ 12 ብቻ። ለዚህ ትልቅ ቁጥር ጥቂት ናቸው፤ 60 እንኳ 12 አለው! ፍጹም ቁጥር ነው ወይ? እንደ 28 ማለቴ ነው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ ራሱን 28ን ይሰጣሉ። የኛው ግን ራሱን ሳይጨምር አካፋዮቹ ቢደመሩ 54,966,027 ነው። ግማሹን እንኳ አልሞላም።

ደስ ያለኝ ሌላ ነገር ነው። በ8 አባዙትና 9 ጨምሩበት። 987,654,321 ይወጣል፤ ቁጥሩ ተገልብጦ። ሦስት ጊዜ በካልኩሌተር አረጋገጥኩ፣ አላመንኩማ።