በኪዮቶ፣ ከተንሸራታቹ በር ወዲያ

ኪዮቶ ከ794 ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የጃፓን ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ምግቧን ያሳደጉት ቤተ መንግሥቱ፣ ገዳማቱና የሻይ ሥርዓቱ ናቸው። ይህን ምግብ በወጉ መቅመስ የፈለገ ሰው «ርዮቴይ» ወደሚባሉት ነባር ምግብ ቤቶች ይሄዳል። አብረው ለመጡ እንግዶች የራሳቸው ክፍል ይሰጣቸዋል፤ ሌላ ተመጋቢ አያዩም።

እኔን የወሰዱኝ በሥራ የማውቃቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ያለ እሳቸው መግባቴንም እንጃ። በኪዮቶ ነባር ደንበኛ ካላመጣው በስተቀር አዲስ ሰው የማይቀበሉ ቤቶች ዛሬም አሉ። ሒሳቡ ለደንበኛው በኋላ የሚላክበት ልማድ ስለነበረ፣ ለእንግዳው ዋስ የሚሆነው እሱ ነው።

ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ጊዜው ሐምሌ ነው፤ ኪዮቶ በወበቅ የምትታፈንበት። በዚህ ወቅት የወረቀት በሮቹ ይነሡና በሸምበቆ በሮች ይተካሉ። ነፋሱ ያልፋል፤ ግቢው በስሱ ይታያል። ግድግዳው ውስጥ ገባ ባለው ቦታ፣ «ቶኮኖማ» በሚሉት፣ የፏፏቴ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥሩ አንድ አበባ ብቻ። የክብር እንግዳ የሚቀመጠው ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ፣ ከበሩ ርቆ ነው። እዚያ ያስቀመጡኝ እኔን ነበር። ሥዕሉን የሚያየው ጋባዡ ነው፤ እንግዳውን ደግሞ ከነሥዕሉ ያየዋል። እንዲህ ያለ አክብሮት ልብ ይነካል።

ከቀረበው ሁሉ ሾርባውን አልረሳውም። ክዳን ባለው ጥቁር የእንጨት ሳህን መጣ። እንፋሎቱ ክዳኑን አጣብቆታል፤ የሳህኑን ጎንና ጎን በቀስታ ጫን ሲሉት ይለቃል። መዓዛው ቀድሞ ወጣ። መረቁ ከባሕር አረምና በስሱ ከተላገ ደረቅ ዓሣ የሚወጣ ነው፤ እንደ ውኃ የጠራ። መሐሉ ላይ የኪዮቶ ሐምሌ ዓሣ፣ «ሐሞ» ተቀምጧል። ሐሞ እባብ መሰል ነው፤ ሥጋው በቀጫጭን አጥንት የተሞላ። አብሳዩ ቆዳውን ሳይበጥስ ሥጋውን ከነአጥንቱ ይተለትለዋል፤ በ3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 24 ጊዜ ያህል። ፍል ውኃ ሲነካው ነጭ አበባ ሆኖ ይፈካል። አፍ ውስጥ አጥንት የሚባል አልተሰማኝም።

የምታስተናግደን ሴት ከበሩ ውጭ ተንበርክካ ድምፅ ታሰማለች፤ በሩን በእጇ ቀስ አድርጋ ትገፋለች፤ ገብታ እንደገና ትንበረከካለች። ወሬ ሲደራ ትዘገያለች፤ ሳህኑ ሲያልቅ ትደርሳለች። አንዴም አልጠራናትም። ርዮቴይ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የፖለቲከኞችን ዝግ ምክክር ነው፤ በቶኪዮ አካሳካ ሰፈር በዚህ ስሙ የገነነ ነበር። ለእኔ ግን የክፍሉ ትልቁ ነገር ምስጢሩ አይደለም። ወጥ ቤቱ የሚሠራው በእናንተ ጨዋታ ፍጥነት መሆኑ ነው። አዳራሽ ውስጥ ይህ አይገኝም።

ሳኬ፣ የሩዙ መጠጥ፣ ሲጠጣ ማንም ለራሱ አይቀዳም። አዛውንቱ ለእኔ፣ እኔ ለእሳቸው። የእኛን ጉርሻ አሰብኩ፤ እዚህም ሌላው ካላሰበላችሁ ጽዋችሁ ባዶ ነው።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ቀደም ብሎ ቦታ ይያዝ፤ ሆቴሎች ይረዳሉ። የታወቁት ቤቶች ለእራት በሰው ከ20,000 የን በላይ ማስከፈላቸው የተለመደ ነው። ምሳ ይረክሳል፤ እኔ ምሳውን እመክራለሁ፤ ግቢውም በቀን ብርሃን ይታያል። ሽቶ አትቀቡ፤ የሾርባውን መዓዛ ይገድለዋል። መሬት መቀመጥ ለሚከብደው፣ ከጠረጴዛው ሥር እግር ማውረጃ ጉድጓድ ያለው ክፍል ካለ ሲያስይዙ መጠየቅ ነው። ጾመኛ ከሆናችሁ ደግሞ አትክልቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ በዓሣ መረቅ እንደሚሠራ እወቁ። ዓሣም ለማትበሉ የቡድሃ መነኮሳት ምግብ፣ «ሾጂን» አለላችሁ። ኪዮቶ ውስጥ በቤተ መቅደሶች አካባቢ ይገኛል፤ ቶፉው፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው እርጎ መሰል ምግብ፣ በጣም ይጣፍጣል።