ከለንደን ወደ አምስተርዳም ቡና መላክ

ለንደን ውስጥ ቡና ቆልቼ እሸጣለሁ። ድሮ አምስተርዳም ላሉ ሐበሾች ቡና ለመላክ አድራሻ መጻፍ ብቻ ይበቃ ነበር። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከአውሮፓ የጋራ ገበያ ስትወጣ ግን እያንዳንዱ ካርቶን የጉምሩክ ቅጽ ይጠየቅ ጀመር። ይዘቱ፣ ክብደቱ፣ ዋጋው፣ የቡናው አገር።

«የብሪታንያና የአውሮፓ ኅብረት የንግድ ስምምነት እኮ ከቀረጥ ነፃ ነው» ይሉኛል ሰዎች። የመነሻ ደንቡን፣ ማለትም ዕቃው የየት አገር ምርት ተብሎ እንደሚቆጠር የሚወስነውን ደንብ፣ ላሟላ ዕቃ፣ አዎ። ወረቀቱ ግን ራሱ ወጪ ነው። ትልቅ ኩባንያ ለዚህ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ እኔ ማታ ሱቅ ዘግቼ እሞላዋለሁ። ደንበኛዬም ቫትና የማስተናገጃ ክፍያ ትጠየቃለች። አንዷ «እሙዬ፣ ይቅርብኝ፣ ከዚሁ እገዛለሁ» አለችኝ። ምን ልበላት?

የብሪታንያ የበጀት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቱ የአገሪቱን ምርታማነት፣ ባትወጣ ከሚኖረው፣ በረጅም ጊዜ 4 በመቶ ያህል ይቀንሳል ብሎ ገምቷል። የሚያንገበግበኝ፣ ሸክሙ ትንንሾቹ ላይ መክበዱ ነው። አሁን የምልከው ለማንቸስተርና ለሊድስ ብቻ ነው።