የእናት ሙሉ ስም

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ክረምቱ ነው መሰለኝ። ወይ ደግሞ ያው የምታውቁት የእማዬ ሐዘን ነው።

መታወቂያ ላሳድስ ቅጽ ይዤ መጥቼ ነበር። ጉርድ ፎቶ ስፈልግ የእማዬን መሳቢያ ከፈትኩት። ከሄደች ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ጉርድ ፎቶ የለም። የኩል ብልቃጧ ግን አለ፤ መኳያው ጫፉ ላይ አሁንም ጥቁር ነው። ወደ መስኮቱ ወስጄ በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። አራት ጊዜ። አራቱም ላይ የእጄ ጥላ ተጋድሞበታል።

ነገሩ ኩረጃ ነው። ኢሺኡቺ ሚያኮ የምትባል ጃፓናዊት ፎቶግራፈር አለች። እናቷ በፈረንጆቹ 2000 ስትሞት ዕቃዎቿን አንድ በአንድ ፎቶ አነሣች። የውስጥ ልብሷን፣ ሰው ሠራሽ ጥርሷን፣ ፀጉር የቀረበትን ማበጠሪያ። እናትና ልጅ በሕይወት ሳሉ ብዙም አይግባቡም ነበር። እኔ የማልረሳው ሊፕስቲኩን ነው። ሲቀባ ሲቀባ አልቆ ጉንዱ የቀረ። ሴትዮዋ እስከዚያ ድረስ የታወቀችው በጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ለሊፕስቲኩ ስትል ወደ ቀለም ዞረች። ምን ታድርግ? ቀይ ሊፕስቲክ በጥቁርና ነጭ ምኑን ሊፕስቲክ ይሆናል! በ2005 ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ትልቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ ጃፓንን ወክላ የቀረበችው እነዚህን ፎቶዎች ይዛ ነው።

ልቤን የወሰደው ግን ስሟ ነው። ኢሺኡቺ ሚያኮ የራሷ ስም አይደለም። የእናቷ ነው፤ እናትየው ከማግባቷ በፊት የምትጠራበት። ልጅቷ ፎቶ ማንሣት ስትጀምር እንዳለ ወሰደችው። ጃፓን ውስጥ ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም መያዝ አለባቸው፤ ስሟን የምትጥለው ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ሚስትየዋ ናት። እና በ1979 ኪሙራ ኢሄይ የሚባለው ታላቁ የጃፓን የፎቶ ሽልማት ሲሰጣት መድረክ ላይ የተጠራው የእናትየዋ የልጅነት ስም ነው ማለት ነው። እናትየዋ ያኔ በሕይወት አለች። ምን ተሰምቷት ይሆን? እኔ ብሆን መጀመሪያ እቆጣ ነበር። ከዚያ ለጎረቤት አወራ ነበር።

የድሮዋ ጃፓናዊት ፎቶግራፈር ሺማ ሪዩም ትዝ አለችኝ። እሷ ደግሞ የተጠራችው በባሏ ስም ነው። በ1864 ጸደይ ባሏን ፎቶ አነሣችው። ጃፓናዊት ሴት አነሣችው ተብሎ ከሚታወቀው ፎቶ ሁሉ ቀዳሚው ይሄ ነው። ሁለቱም ሠዓሊዎች ነበሩ፤ የተገናኙት ኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ሥዕል ሲማሩ ነው። የዚያን ጊዜ ፎቶ ጣጣው ብዙ ነው። መስታወት መድኃኒት ይቀባል፣ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ይገባል፣ ሳይደርቅ ይታጠባል። ባልየው እንደ ሐውልት ደርቆ ይቀመጣል። ሚስት «እንዳትነቃነቅ!» ስትለው። (እስቲ የእኛዎቹን ሞክሯቸው።) በኋላ ኤዶ ውስጥ አብረው ፎቶ ቤት ከፈቱ። በ1870 እሱ ሲሞት ኪርዩ ወደምትባለው የትውልድ ከተማዋ ተመልሳ የራሷን ፎቶ ቤት ከፈተች። ኢሺኡቺስ የት የተወለደች ይመስላችኋል? ኪርዩ። የሐር ሸማኔዎች ከተማ። ይህን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅሁ።

ስም የሚወጣላቸውም አሉ። የ2000ውን የኪሙራ ሽልማት ናጋሺማ ዩሪኤ፣ ሂሮሚክስና ኒናጋዋ ሚካ አንድ ላይ ተሸለሙ። የአንዷ ሥራ ከሌላዋ አይገናኝም። ሐያሲዎቹ ግን ወጣት ሴቶች መሆናቸውን አዩና «የልጃገረዶች ፎቶ» ብለው አንድ ጆንያ ውስጥ ከተቷቸው። ናጋሺማ አልዋጠችላቸውም። ከዓመታት በኋላ መጽሐፍ ጽፋ ሞገተቻቸው። ደግ አደረገች።

እኔም ቁጭ ብዬ ስሜን በእማዬ ስም ሞከርኩት። ጮክ ብዬ ጠራሁት። የማላውቃት፣ ከእኔ የተሻለች ሴትዮ መሰለችኝ። ቀጠሮ የማታሳልፍ፣ ጉርድ ፎቶዋን በፖስታ ውስጥ የምታስቀምጥ ዓይነት።

መሽቷል። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ብልቃጡ ላዩ ላይ። «የእናት ሙሉ ስም ከነአያት» ይላል። የእማዬን ስም ጻፍኩ። የአባቷን ጻፍኩ። እዚያ ላይ ቆምኩ። የሺማ ሪዩን ባል የሞተበትን ዓመት በቃሌ የማውቅ ሰው፣ የእናቴን አያት ስም አላውቀውም።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። አሁን አክስቴ ጋ ብደውል ማን ሞተ ብላ ትጮህ ይሆን?