ወለንጪቲ ዳገት ላይ

እሑድ ማታ፣ አዳማ። ሁለት ጊዜ ታጥቤም እጄ ግሪስ ግሪስ ይሸታል።

የአባባ ፒክ አፕ ላንድ ክሩዘር ሞተር ከወረደ አራት ወር አልፎት ነበር። አባባ ከመተሐራ ሽንኩርት ጭኖ ሲመለስ ወለንጪቲ ሳይደርስ ትደክምበታለች፤ ሁለተኛ ማርሽ እያስገባ «አየር ያጥራታል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ሞተሯ ቱ ኤፍ የሚባለው የቶዮታ ቤንዚን ሞተር ነው፤ ባለ ስድስት ፒስተን፣ 4.2 ሊትር፣ ኮምፕሬሽኑ (ፒስተኑ የገባውን አየርና ቤንዚን ስንት እጥፍ እንደሚጨምቅ) 7.8 ብቻ። አዳማ ደግሞ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት አንድ አምስተኛ ገደማ ይጎድላል። ፒስተን የጎደለ አየር አይመልስም፤ ያለውን ግን አጥብቆ ይጨምቃል።

ሬቲፊካ ቤት፣ ያረጀ ሞተር ተሞርዶ የሚታደስበት፣ ሲሊንደሩን ከ94 ወደ 94.5 ሚሊሜትር ሲያሰፉልኝ፣ ኮምፕሬሽኑን ከ9 በላይ የሚያደርስ ፒስተን ልገዛ ቆርጬ ነበር። ሽማግሌው ባለሙያ ቀና ብለው አዩኝ።

«የት ልትነዳት ነው ልጄ?»

«እዚሁ አዳማ፣ ጋሼ።»

«መተሐራስ አትወርድም?»

ዝም አልኩ። መተሐራ 1,000 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱ የሚጠብስ ነው። ከመጠን በላይ የተጨመቀ ተራ ቤንዚን የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት ራሱ ይፈነዳል፤ ሲብስ ፒስተን ይበሳል። 8.5 ላይ ተስማማን።

ለዚያ ደግሞ ከያንዳንዱ ፒስተን በላይ የሚቀረው ቦታ ከ104 ሲሲ ወደ 95 ገደማ መውረድ ነበረበት። ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ገልብጬ፣ ጠርዙን ግሪስ ቀብቼ፣ ቀዳዳ ያለው መስታወት ከድኜ በመርፌ ነጭ ጋዝ እየሞላሁ ለካሁ። አራተኛው ከሌሎቹ 1 ሲሲ ያህል አነሰ። በባትሪ ሳየው ቫልቩ ጥግ ጥላሸት ተጋግሮ ቀርቷል። ያንን ስፍቅ መሸ።

ትናንት መተሐራ ወረድኩ። ከተማዋ ስቃረብ ነዳጅ ስሰጣት ጠጠር ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፤ ያ ራሱ የሚፈነዳው ቤንዚን ነው፤ ልቤ ቀጥ አለ። ጥላ ፈልጌ ቆምኩና ብልጭታው ትንሽ ዘግየት እንዲል ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያድለውን ዲስትሪቢውተር አዞርኩት። ጠፋ።

ስመለስ ስምንት ኩንታል ሽንኩርት ጭኛለሁ። አባባ ማርሽ የሚቀንስበት ዳገት ላይ ስደርስ እጄ በልማድ ወደ ማርሹ ሄደ። ሦስተኛ ላይ ነበረች፤ አልነካኋትም፤ ወጣች።