ውሃ አይነካውም

ስቲከሩን የሸጠልኝ የመርካቶው ልጅ አልዋሸኝም። «ውሃ አይነካውም» ነው ያለኝ። ስለ አሴቶን የጠየቀው ሰው የለም።

ያኔ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ኳሊቲ ኮንትሮል ነበርኩ። ቀለም የሚያሟሙት ፈሳሾች፣ አሴቶኑም ቶሉዊኑም ቲነሩም፣ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ውስጥ ናቸው፤ ሦስቱም እንደ ውሃ ጥርት ያሉ። ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ ስማቸውን በኮምፒውተር ጻፍኩ። በሚያብረቀርቀው ስቲከር ላይ በሌዘር ፕሪንተር አትሜ ለጠፍኩ። ሲያምር! ፎቶ ሁሉ አንስቼዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን አሴቶን ስቀዳ አንዲት ጠብታ ከጠርሙሱ አፍ ወርዳ ስቲከሩ ላይ አለፈች። በጓንቴ ጠረግ ባደርጋት «አሴ» ብቻ ቀረ። «ቶን» የሚለው አውራ ጣቴ ላይ ነው። የሌዘር ፕሪንተር ቀለም፣ ቶነር የሚባለው፣ እኮ በሙቀት ቀልጦ ወረቀት ላይ የሚጣበቅ የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ አሴቶን ሲያገኘው ይሟሟል። ኬሚስትሪ የተመረቅኩት እንግዲህ እኔ ነኝ።

ማርከር ሞከርኩ። እሱማ ለአልኮልም አልቆመ። ላዩ ላይ ግልጽ ፕላስተር ብለጥፍበት ሙጫው እየለቀቀ ተንከባለለ።

ስቶር ኪፐራችን ጋሼ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«እርሳስ የለህም?» አሉኝ።

«ምን ያደርግልኛል?»

«ልትጽፍበት ነዋ!»

ከካርቶን ቁራጭ ቀደዱ፣ በእርሳስ ጻፉበት፣ በስተው በቀጭን ሽቦ የጠርሙሱ አንገት ላይ አሰሩት። የእርሳስ ጽሑፍ ካርቦን ነው፤ እኛ ጋ ካሉት ፈሳሾች የሚያሟሟው አንድም የለም። አውቀዋለሁ። አስቤው ግን አላውቅም።

«ሙጫ ከሌለው ምኑ ይለቃል?» አሉና ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው፣ «ደግሞ ስትቀዳ ጽሑፉን ወደ መዳፍህ አዙረው። ጠብታው በሌላው በኩል ይውረድ።»

እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ይቺ ናት። የአንደኛ ዓመት ላብ የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት እኮ ነው!

አለቃችን በወሩ ስብሰባ ላይ «አዲሱ የሌብል ሲስተማችን» ብሎ አቀረበው። ጋሼ ስብሰባ አይጠሩም።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጋሼ የዓመት ፈቃድ ወጡ። ካርቶኖቹ ሁሉ እንዳሉ ናቸው፤ አንዲት ፊደል አልጠፋችም። የሚያነባት ግን ጠፋ። የእጅ ጽሑፋቸው ወይ አማርኛ አይደል ወይ እንግሊዝኛ። በመጨረሻ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ የቱ ነው ቲነሩ?»

«ባለ ጭራው ነዋ!»

ሦስቱም ጭራ አላቸው።