‹‹የለም›› የተጻፈበት ማዘዣ

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባልነት በሚታደስበት ወቅት፣ የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ጸሐፊ እንደመሆኔ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በሚለዩበት የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የምኖረው ደቡብ ወሎ ውስጥ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ ነው። ስም ዝርዝሩ አስቀድሞ ተጽፎ ስለመጣ ከእኛ የሚጠበቀው ሰምቶ ማጽደቅ ብቻ ይመስል ነበር። አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን ከዝርዝሩ ወጥተዋል፤ የተሰጠው ምክንያት ‹‹ልጃቸው ዓረብ አገር ናት፣ ትልክላቸዋለች›› የሚል ነው። የልጅቱ ድምፅ ከጠፋ ሁለት ዓመት እንዳለፈ ግን የቅሬው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የቅሬ መዋጯቸውን እንኳ ጎረቤት ተጋግዞ ሲከፍልላቸው የቆየው ለዚህ ነው። ሁለት የቅሬ ሽማግሌዎች ተነሥተው ሲመሰክሩ ስማቸው ተመለሰ። ያን ዕለት ቅሬው ባይጠራ ኖሮ ማን ይመሰክርላቸው ነበር?

ሥርዓቱ ሲታሰብ ድሃውን አልረሳም። መድህኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከእኛ ብዙም የማይርቀው ተሁለደሬ አንዱ ነበር። አቅም ያለው አባል ከመኸር በኋላ፣ እህል ተሸጦ እጅ ላይ ገንዘብ በሚኖርበት ጊዜ፣ ዓመታዊ መዋጮውን ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ደግሞ ክልሉና ወረዳው ተጋርተው ይከፍሉለታል። ስለዚህ የድሃው የመድህን አባልነት ደብተር ከመንግሥት ካዝና የተከፈለበት ነው፤ ባለደብተሩ የተከፈለበትን አገልግሎት ማግኘቱን መከታተልም የከፋዩ ግዴታ ነው።

ቁጥጥሩ የላላው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የወረዳውን መድህን የሚመራው ቦርድ ሰብሳቢ የወረዳው አስተዳዳሪ ነው፤ ለድሃው በጀት የሚመድበውም፣ ጤና ጣቢያውን የሚያስተዳድረውም ያው የወረዳ አስተዳደር ነው። ገዢና ሻጭ አንድ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ሦስተኛ ዓይን ያስፈልጋል፤ ያ ዓይን ሕዝብ የመረጠው የወረዳ ምክር ቤት ሊሆን ይገባው ነበር። እኔ ተቀምጬ ባዳመጥኳቸው ጉባኤዎች የሚቀርበው ሪፖርት ግን ስንት አባወራና እማወራ አባልነቱን አደሰ፣ ስንት ብር ተሰበሰበ፣ ከዕቅዱ ስንት በመቶ ተከናወነ በሚለው ያልቃል። ስንት ታካሚ የታዘዘለትን መድኃኒት ሳያገኝ እንደተመለሰ የጠየቀ ተወካይ እስካሁን አልሰማሁም።

እኒያው ጎረቤታችን በየካቲት ለደም ግፊታቸው ጤና ጣቢያ ደርሰው ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘውታል፤ ማዘዣውን የቋጠሩት በነጠላቸው ጫፍ ነው። ፈትተው ሰጡኝ። ከታዘዙት ሁለት መድኃኒቶች በአንዱ ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ ‹‹የለም›› ተብሎ ተጽፏል። ‹‹ልጄ፣ ከውጭ ይግዙ አሉኝ፤ በምን ልግዛ?›› አሉኝ። ከፋይ አባል ቢሆኑ በግ ሸጠው ወይም ተበድረው ከግል መድኃኒት ቤት ይገዙ ይሆናል፤ መክፈል እንደማይችሉ በመንግሥት ወረቀት የተመሰከረላቸውን ሰው ግዙ ማለት ግን ምስክርነቱን መልሶ መሻር ነው።

በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ በርካታ የወሎ ጤና ተቋማት መዘረፋቸውን አልዘነጋሁም፤ ባለሙያዎቹም ከባዶ መደርደሪያ ሊሰጡ አይችሉም። መደርደሪያው ባዶ የሆነው ግን ግዢ ስለዘገየ ነው፣ መድህኑ ለጤና ጣቢያው የሚከፍለው ሂሳብ ስለተጓተተ ነው፣ ወይስ የወረዳው ድርሻ በጊዜው ስላልገባ? ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው መፍትሔ የተለያየ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀውም መዝገብ ሲኖር ነው።

እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ‹‹የለም›› የተባለበት ማዘዣ ሁሉ ተመዝግቦ፣ ከፋዩና መክፈል የማይችለው ተለይቶ፣ በየሩብ ዓመቱ ለወረዳው ምክር ቤት ይቅረብ። የድሆች ስም ዝርዝርም ቀበሌው ከማጽደቁ በፊት በየቅሬው ይነበብ፤ ቅሬው እንደሆነ በየወሩ ስለሚሰበሰብ ይህ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም። የእኛ ቅሬ ለዘንድሮው እድሳት ዝርዝሩ እንዲነበብለት በጽሑፍ አመልክቷል፤ ጎረቤታችንም ማመልከቻው ላይ በአውራ ጣታቸው ፈርመዋል።